ብርድ የመታው ፍሪጅ

ይኸውላችሁ፣ እኛ ለብርድ አገር ፍሪጅ የላክን ልጆች ነን። ሳቁብን፤ ያልሳቀብን የለም። የመጀመሪያዋ ሳቂ ራሷ እማዬ ናት። ደውለን «እማ፣ ፍሪጅ ልንልክልሽ ነው» ስንላት ለአፍታ ዝም አለችና «ምነው ልጆቼ፣ ብርዱ አነሳቸው ብላችሁ ነው በሳጥን አሽጋችሁ የምትልኩልን?» አለችን።

እውነቷን ነው። ግምጃ ቤትን ለማታውቁ፦ አዊ ዞን ውስጥ የአንከሻ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ የዓባይን በረሃ ወርዳችሁና ወጥታችሁ፣ ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አልፋችሁ እንጅባራ ትደርሳላችሁ (ለእኛ አሁንም ኮሶበር ናት)። እስከዚያ ብቻ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የእኛ መንደር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ጋቢ ሳይደርብ ደጅ የሚቆም ሰው ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ አረቄ ቀምሷል።

እንዲህ ባለ አገር ፍሪጅ ምን ይሠራል? እኛ ሦስታችንም (ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እኅት) ያለ ፍሪጅ ነው ያደግነው። ውሃው ከበር ኋላ በእንስራ ይቀመጣል፤ ጥርስ የሚያንዘረዝር ነበር። ሥጋው ተዘልዝሎ በርበሬና ጨው ተቀብቶ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፣ ቋንጣ ይሆናል። ቅቤው ይነጠራል። ወተቱ በወይራ በታጠነ ቅል ውስጥ ይረጋል። ድንቹ ጨለማ ጥግ ይከመራል። አሁን አድገን ስናስበው እማዬ ቤት ውስጥ ትልቅ ሳይንስ ይሠራ ነበር። ቋንጣውም ንጥር ቅቤውም ውሃ የወጣላቸው ምግቦች ናቸው፤ ውሃ በሌለበት ደግሞ ምግብ የሚያበላሸው ተሕዋስ አይራባም። እርጎውን የሚጠብቀው የራሱ ኮምጣጣነት ነው። ማንም ከእናንተ ጋር «ይህ ምግብ ማቆያ ቴክኖሎጂ ነው» ብሎ አላወራም፤ ግን ነበር።

ታዲያ ለምን ላክን?

*

ስኳር።

በ2014 ዓ.ም. እማዬ ውሃ ጠማኝ ማለት አበዛች። ከሳች። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ትነሳለች። «እርጅና ነው» ትለናለች፣ እኛም ከሩቅ ሆነን «እርጅና ነው» ብለን እናምናለን (ማመን አይከፈልበትም)። በመጨረሻ ጎረቤት ጎትቶ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ የስኳር በሽታ ሆኖ ተገኘ። ክኒኑ አልበቃ ብሎ ኢንሱሊን ተጀመረላት። ጠዋትና ማታ፣ በመርፌ። ሐኪሙ ሲሸኛት አንድ ነገር አስጠነቀቃት፦ «መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፤ ፍሪጅ ያስፈልግሻል።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነበር። ሦስታችን ዕቁብ ገብተን ነበር፤ የአንዳችን ዕጣ ወጣ፤ መርካቶ ሄድን፤ ላይኛው ክፍል ፍሪዘር፣ ታችኛው ክፍል ፍሪጅ የሆነ ባለ ሁለት በር ገዛን። ሻጩ «ሞቃት አገር ቢሄድ እንኳ አይበገርም!» አለን። እኛም ደስ አለን። የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ግን እሱም አልጠየቀን፣ እኛም አልነገርነው። ይህችን ነገር ያዙልን፣ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ፍሪጁ በአይሱዙ ተጭኖ ኮሶበር ደረሰ። ከዚያ በሌላ መኪና ግምጃ ቤት፣ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ደግሞ በጋሪ። የፈረስ አገር አይደል! ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ፈረስ ፍሪጅ ሲጎትት አየ። ጋሪ ላይ የተጫነው ተኝቶ ነበር። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት ተማርን፦ ተኝቶ የመጣ ፍሪጅ ወዲያው አይሰካም። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ቧንቧዎቹ ስለሚፈስስ ተመልሶ እስኪወርድ ቀጥ ብሎ ቆሞ መጠበቅ አለበት። ተኝቶ ብዙ መንገድ ከሄደ አንድ ቀን ማሳደሩ ነው የሚሻለው። እማዬ «እንግዳ ነው፣ ይረፍ» ብላ ነገሩን ከእኛ ቀድማ ገባት።

አርፎ አደረ። በማግስቱ ተሰካ። ማን አስቀድሞ ምን እንደሚያስገባ ስንጠብቅ የሰፈሩ ሴቶች «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊሉ መጡ፤ ቡና ተፈላ፤ ፈንዲሻ ተበተነ። ፍሪጁ ሳሎን ቆመ። (ፍሪጅ ወጥ ቤት ይቀመጣል የሚለው ሕግ እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ሰው ካላየው ምኑን ፍሪጅ ሆነ?) ራሱ ላይ ዳንቴል ለበሰ፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፤ ከአበባው አጠገብ ስታብላይዘሩ።

*

የመንደር ፍሪጅ የአንድ ቤት ፍሪጅ እንዳይመስላችሁ። በወሩ ውስጥ የሚከተሉት ገብተውበት ነበር፦ የእማዬ ኢንሱሊን፣ የጎረቤት ልጅ የዓይን ጠብታ፣ በጀሪካን ጠበል፣ ለማኅበር የተጠመቀ ጠላ (ቀዝቃዛ ጠላ የሚጠጣ ሰው ኋላ ላይ ጉሮሮውን ይይዘዋል እንጂ ሲጠጣው ደስ ይለዋል)፣ የሦስት ቤት ሥጋ፣ እና የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ አንድ ፌስታል። በጾም ቀን ላይኛው መደርደሪያ የጾም፣ ታችኛው የፍስክ ሆኖ ተከፈለ። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ቁም ሣጥን ነው፤ ዳቦም፣ ስኳርም፣ የቤት ካርታም ገብቶበት ያውቃል። አይጥ አይደርስበትማ።

በሩ በቀን ስንት ጊዜ ይከፈታል መሰላችሁ? እማዬ ለአንድም ሰው «አይሆንም» አትልም። «የእግዜር ብርድ ነው፣ ምን ሊጎድልብኝ» ትላለች።

እኛ ስንሄድ ግን ሕግ እናወጣለን። አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ አገሩ ሲገባ የሚያደርገው ይህንኑ አይደል? ሕጎቹ ትክክል ነበሩ፣ እዚህም እንጻፋቸው፦

ፍሪጅ ብርድ አይሠራም፤ ውስጥ ያለውን ሙቀት አውጥቶ ከኋላው ይጥላል። ጀርባው የሚሞቀው ለዚህ ነው (ድመታችን ይህን ከሁላችን በፊት ደረሰችበት)። ስለዚህ ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ፣ ጨርቅ አይንጠልጠልበት፣ ከኋላው ያለው አቧራ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠረግ። ትኩስ ወጥ ሳይበርድ አይግባ፤ ግን ደግሞ ሲበርድ ብለን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አንርሳው። የበሩ ጎማ መያዝ አለመያዙን በብር ኖት ፈትኑት፦ ብሩን በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት፤ ያለ ትግል ከወጣ ብርዱም በዚያው እየወጣ ነው። ጎማውን በሳሙናና በለብታ ውሃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ፍሪዘሩ ውስጥ በረዶ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ሲጋገር ፍሪጁ ይነቀል፣ በሩ ይከፈት፣ ሙቅ ውሃ በሳህን ይቀመጥበት፣ በራሱ ጊዜ ይልቀቅ። በቢላዋ አይፈቀፈቅ! እኛ የምናውቃቸው አንዲት እናት ለፋሲካ ዋዜማ ሲያጸዱ በቢላዋ ጫፍ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረጉት፤ «ፍስስስ» አለ፤ ጋዙ ሄደ፤ ፍሪጁም እስከ ዛሬ የዶሮ መኝታ ነው።

ስታብላይዘሩስ? የመስመሩ ኃይል 220 ቮልት መሆን ሲገባው እኛ ሰፈር እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ስታብላይዘሩ ላይ 170 አይተናል። አይገርምም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ፍሪጅ ሲሠራ 100 ወይም 150 ዋት ቢሆን ነው። አሥር ምጣድ አንድ ላይ ሲጣድ አስቡት። ኃይሉ ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ መነሳት አቅቶት ያቃስታል፣ ይግላል፣ ቆይቶ ይቃጠላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም እንዲሁ፤ ቧንቧው ውስጥ የነበረው ግፊት ሳይረጋጋ ቶሎ ከተነሳ ይጎዳል። ስታብላይዘር ሲበራ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ዝም የሚለው ተበላሽቶ አይደለም፤ ለኮምፕሬሰሩ እፎይታ እየሰጠ ነው።

ይህን ሁሉ አስተማርናት። አንድ ነገር ግን እኛም አናውቅም ነበር።

*

በ2016 ዓ.ም. ለገና አገር ቤት ገባን። በ2015 ክረምት በክልላችን ግጭቱ ከተጀመረ ወዲህ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉ፣ የሦስት ወር ኢንሱሊን ይዘን ነበር የሄድነው። እማዬ ብልቃጦቹን ተቀብላ አንድ በአንድ ስማ ፍሪጁ ውስጥ አስገባቻቸው። የት? ከሁሉም ኋላ፣ ከሁሉም ውስጥ፣ ከጀርባው ግድግዳ ጋር አስጠግታ። ውድ ዕቃ ወደ ውስጥ ነዋ! የከተማችን ስም ራሱ ምን ሆነና? ግምጃ ቤት ማለት የክብር ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው፤ በግምጃ ቤት ደግሞ ዋናው ዕቃ በር ላይ አይቀመጥም።

ለገና ቅርጫ ገብተን ነበር። የደረሰንን ሥጋ በልተን የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አድርገን ተመለስን። ጥር አጋማሽ ላይ እማዬ ደወለች። «ልጆቼ፣ ፍሪጁ ያለቅሳል።»

«እንዴት ያለቅሳል?»

«የሥጋው ውሃ ይንጠባጠባል። መብራቱ አለ፣ ውስጡም ይበራል፤ ሥጋው ግን ሟሙቷል። የታችኛው ግን ቀዝቃዛ ነው።»

ሦስታችን መከርን። መብራት አለ፣ ታችኛው ይቀዘቅዛል፣ ላይኛው አይቀዘቅዝም። ብልሃተኞች ነን፣ መፍትሔው ወዲያው መጣልን፦ «እማ፣ ውስጡ ከ1 እስከ 7 ቁጥር ያለበት የሚዞር ነገር አለ፤ 7 ላይ አድርጊው።» አደረገች። በማግስቱ «ደረቀ፣ ድንጋይ ሆነ፣ እግዜር ይስጣችሁ» አለችን። እኛም በራሳችን ኮራን። አንዳችን እንዲያውም «ከአዲስ አበባ ሆነን ግምጃ ቤት ፍሪጅ ጠገንን» እያለ ሲያወራ ነበር።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ፍሪጁ ባዶ ሆነ፣ ከፋቹም ቀነሰ። መጋቢት መጣ፣ ቀኑም ሞቀቅ አለ። ቁጥሩ ግን 7 ላይ ነበር።

*

መጋቢት መጨረሻ ላይ የደወለችው እማዬ አልነበረችም፤ ጎረቤት ናት። «እናታችሁ ውሃ አልበቃ ብሏታል። አልጋ ላይ ናት። እንዳትነግሪያቸው ብላኛለች።»

እንዴት እንደደረስን አንተርክላችሁም። ሆስፒታል አግኝተናት ስኳሯ መለኪያው ሊናገር ከሚችለው በላይ ነበር፤ ቁጥር ሳይሆን ፊደል ነው የጻፈው። «መርፌሽን አቋርጠሻል እንዴ?» ሲሏት «እንዴት አቋርጣለሁ፣ ጠዋትና ማታ፣ አንድ ቀን አልሳትኩም» አለች። ሐኪሞቹ ትንሽ ተጠራጠሩ መሰለን። እኛም፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ትንሽ ተጠራጠርን።

ነገሩን ያወቀችው አንዲት ነርስ ናት። «የምትወጊውን ብልቃጥ አምጡልኝ» አለች። አመጣንላት። በመዳፎቿ መሃል እያንከባለለች ወደ ብርሃን አነሳችው። ደመናማው ኢንሱሊን ሲንከባለል እንደ ወተት እኩል መሆን ነበረበት፤ የእማዬ ግን ፍርፍር ብሎ የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተጣብቋል። ነርሷ ዞር ብላ ጠየቀችን፦ «ይሄ መድኃኒት በረዶ ሆኖ ነበር?»

እማዬ መለሰች። «አዎ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ይደርቃል። እኔም ብብቴ ውስጥ አድርጌ አሟሙቼ ነው የምወጋው።»

ብብቷ ውስጥ አድርጋ! ልጆቿ ያዘዙትን ቁጥር ሳትነካ፣ የደረቀውን መድኃኒት በገላዋ አሙቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የማይሠራ ውሃ ስትወጋ ነው የከረመችው። ለምን አልነገረችንም? «እናንተ ያላችሁት ቁጥር ነው ብዬ ነዋ።»

ነርሷ አልተቆጣችንም፤ ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ቀስ ብላ አስረዳችን። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ አልቆለታል፤ ቢሟሟም አይመለስም። አንዳንዱ እንዲያውም ሲሟሟ ደህና ይመስላል፤ በዓይን አይለይም። ስለዚህ በረዶ የነካው መጣል ነው፣ ክርክር የለውም። ሙቀት ኢንሱሊንን ቀስ እያለ ነው የሚያደክመው፣ በረዶ ግን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። እኛ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራነው ሙቀቱን ነበር።

እማዬ ዳነች፣ እግዜር ይመስገን። አምስት ቀን ተኝታ ወጣች። የሦስት ወሩን ብልቃጥ ሁሉ ግን ጣልነው። ስትጥል ያለቀሰችው ለገንዘቡ ነው፤ እኛ ያለቀስነው ለሌላ ነገር ነው።

*

ኮሶበር አንድ ፍሪጅ ሠሪ አለ። ይዘነው መጣን። ጋቢውን ሳያወልቅ ፍሪጁን ዞረው፣ ጀርባውን ዳሰሰ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበና ሳቀ። «ይሄ ፍሪጅ አልተበላሸም። ብርድ መቶት ነው።»

ሊያሾፍብን መስሎን ነበር። አላሾፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ እኛ ባለ ፍሪጅ፣ ሁለት በር ይኑረው እንጂ ሙቀት የሚለካው አንድ ነው፤ እሱም ያለው ታች፣ ፍሪጁ ውስጥ ነው። ታችኛው ክፍል ሲሞቅ ኮምፕሬሰሩን «ተነስ» ይለዋል፣ ሲቀዘቅዝ «ተኛ» ይለዋል። ላይ ያለውን ፍሪዘር የሚጠይቀው የለም። አሁን ሳሎኑ ራሱ ሌሊት እንደ ፍሪጅ ሲቀዘቅዝ አስቡት። ታችኛው ክፍል አልሞቀም፤ ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ ይተኛል። ፍሪዘሩ ግን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆን ነበረበት፤ ለእሱ ቀዝቃዛው ሳሎን እንኳ ምድጃ ነው። ይሟሟል። ብርድ በዛና በረዶው ሟሟ!

ወረቀቱ ላይ ደግሞ «ቲ» የሚል ፊደል ነበረች። ፍሪጆች የተሠሩለት የክፍል ሙቀት በፊደል ይጻፋል፦ «ኤስ ኤን» ከ10 እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ከ16 እስከ 43። የእኛው ለአፋር ቢሄድ ይኮራ ነበር። «ሞቃት አገር ቢሄድ አይበገርም» ያለው ሻጭ አልዋሸንም እኮ! እኛ ነን ለብርድ አገር ያሸከምነው።

ቁጥሩን 7 ላይ ስናደርገውስ? 7 ማለት «እስከ መጨረሻው ቅዝቀዝ በል» ማለት ነው። በጥር ብርድ ኮምፕሬሰሩን ቀስቅሶ ሥጋውን አደረቀልን። በመጋቢት ግን ክፍሉ ሲሞቅ፣ ፍሪጁ ደግሞ ባዶ ሲሆን፣ ያው 7 የኋላውን ግድግዳ ከዜሮ በታች አወረደው። የእማዬ ውድ ዕቃ ያለው ደግሞ እዚያው ነበር። ለሁለት ኪሎ ሥጋ ብለን።

ሠሪው ቁጥሩን ወደ 3 መለሰውና ወጪውን ስንጠይቀው «ቁጥር ላዞርኩበት ገንዘብ አልቀበልም» አለ። ቡና ጠጥቶ ሄደ።

*

ከዚያ ወዲህ ማንበብ ጀመርን፤ ማወቅ ያለብንን ዘግይተን ማወቅ ልማዳችን ነውና። የተከፈተ፣ በሥራ ላይ ያለ የኢንሱሊን ብልቃጥ እንደየዓይነቱ አራት ሳምንት ያህል ያለ ፍሪጅ መቆየት ይችላል፤ ክፍሉ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ካልዘለለ። የግምጃ ቤት ሳሎን መቼ 30 ደርሶ ያውቃል? የእማዬ እንስራ ጥግ ይበቃት ነበር! ፍሪጅ የሚያስፈልገው ላልተከፈተው፣ ለወራት ለሚቀመጠው ነው። ከዚህም አልፎ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኬንያ ውስጥ ዳጋሃሌይ በተባለው የስደተኞች ካምፕ የሙቀት ልክ አጥንተው፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየተለዋወጠ እንኳ አራት ሳምንት ኃይሉን እንደማይለቅ በ2013 ዓ.ም. አሳትመዋል። ፍሪጅ የሌለው ሰው ሁሉ ኢንሱሊን አይችልም ማለት አይደለም።

ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ በ1990ዎቹ (በፈረንጅ) ሁለት የሸክላ ድስት አንዱን በአንዱ ውስጥ አስቀምጦ፣ መሃላቸውን በእርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ ያለ መብራት አትክልት የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ለገበሬዎች አዳርሷል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። እንስራችን ይህንኑ ነው የሚሠራው። በእኛ ክረምት ግን አየሩ ራሱ ውሃ ጠጥቶ ስለሚጠግብ ብዙም አይተንም፤ የሸክላ ብልሃት የሚሠምረው በበጋ ነው።

ለወጣቶች የምትሆን አንዲት ወሬ ደግሞ እንጨምር፦ በሙቀት የሚሠራውን፣ ላምባ እየነደደ የሚያቀዘቅዘውን ፍሪጅ በ1922 (በፈረንጅ) የፈጠሩት ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው፤ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ። እሳት አንድዶ በረዶ ማግኘት! በኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1972 ዓ.ም. አንስቶ መብራት ባልደረሰባቸው ጤና ተቋማት ክትባት ያቆዩት እንዲህ ያሉት የላምባ ፍሪጆች ነበሩ። ዛሬ ዛሬ በፀሐይ የሚሠሩት እየተተኩ ነው። ምናልባት አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ ብርድ የማይመታው ፍሪጅ ይሠራ ይሆናል።

መብራቱስ? የታና በለስ 460 ሜጋ ዋት በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ ለእኛ ጎረቤት ነበር። ለህዳሴ ግድብ የሚጫነው ዕቃ በኮሶበርና በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ ሲያልፍ እያየን ነው ያደግነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋቱ ሲመረቅ እማዬ ጎረቤት ሰብስባ ቡና አፍልታለች። መብራት ከተርባይን ተነስቶ ሳሎናችን እስኪደርስ ግን ገና ምሰሶ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ ዝናብ አለ። ስለዚህ መብራት የሚጠፋበትን ቀን እንደ ጾም ቀን ቀድመን ተዘጋጅተን እንጠብቀዋለን።

ዝግጅቱ ይህ ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ አይከፈት፤ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል። ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር ሁለት ቀን፣ ግማሽ ብቻ የሞላ አንድ ቀን ይቆያል። ስለዚህ ባዶውን ቦታ በሃይላንድ ፕላስቲክ ውሃ ሙሉት (አፉ ድረስ አትሙሉ፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል)። አንድ ሲኒ ውሃ አርግታችሁ በረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ከቤት ርቃችሁ ስትመለሱ ሳንቲሙ ሲኒው ሥር ከተገኘ፣ እናንተ ሳታዩ ፍሪዘሩ ሟሙቶ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ውስጡ ያለውን አትመኑት። እማዬ ሳንቲሙን «ሰላዩ» ብላዋለች።

ኢንሱሊኑ አሁን መሃለኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ፣ ከግድግዳው ርቆ። በጅምር ያለው ብልቃጥ ከእንስራው አጠገብ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር ሰቅለናል። ከስታብላይዘሩ፣ ከዳንቴሉ፣ ከፕላስቲክ አበባውና ከራሱ ከፍሪጁ ሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው። መጀመሪያ መላክ የነበረብንም እሱን ነበር።

ሥጋውንስ? ቋንጣ ነው። ከምድጃው በላይ፣ ድሮ ተሰቅሎበት ከነበረው ገመድ ላይ።

አሁን በየማታው አንዳችን እንደውላለን። ሰላምታው አልቆ፣ ላሟ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ ሁሉ ተወርቶ መጨረሻ ላይ «ስንት ነው እማ?» እንላለን። «አምስት» ትለናለች። አንዳንዴ «አራት»። እኛም እንተኛለን።

ባለፈው ሳምንት ግን «ዛሬ አላየሁትም» አለችን። ደነገጥን። «መብራት የለም። እናንተው አትክፈቺው አላላችሁም?»

ቸር ወሬ ያሰማን።